የደጃዝማቹ ዓይንና የሰሜኑ በር

(በጥንት ዘመን፣ በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳር ባለች ተሳላሚ የሚበዛባት ክብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በንግሥ ዋዜማ ቀትር ላይ፤ ቄሰ ገበዝ ጀንበሬና ሠዓሊው አለቃ ፈንቴ ከአራት ቀን በፊት ግድግዳው ተፈልጦ በተከፈተው የሰሜን በር አጠገብ ቆመው ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ያያሉ።)

ጀንበሬ፦ የምለምንህ አንድ ዓይን ነው፣ አለቃ። ሌላ ምን ጠየቅሁህ? አንዲት ዓይን ብቻ ሣልልኝ።

ፈንቴ፦ የት ላሳርፋት፣ አባ? አፍንጫው እዚህ ጋ አለቀ። ከአፍንጫው ቀጥሎ የበሩ መቃን ነው፤ ከመቃኑ ቀጥሎ ደጁ ነው። ሁለተኛውን ዓይኑን እዚያ ዋርካ ላይ ልሣለው?

ጀንበሬ፦ ዓይናቸውን በል። ደግሞ ድምፅህን ቀንስ።

ፈንቴ፦ ከእርስዎና ከእኔ በቀር ማን አለ?

ጀንበሬ፦ የደጃዝማች ድንኳን ወንዙ ማዶ ተተክሏል። ጧት ደወል ልደውል ስወጣ አየሁት። ነገ ከሕዝቡ ቀድመው ይገባሉ። የዚህን ደብር ጻድቅ የአባታችንን መቋሚያ ይሳለማሉ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው እዚህ መጥተው ራሳቸውን ያያሉ። ይህን ሥዕል ካሣሉ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ አንድም ንግሥ ሳያዩት ቀርተው አያውቁም።

ፈንቴ፦ መች ጠፋኝ። ካቻምና ጢሜ ሳስቷል ብሎ አወፍሬለታለሁ።

ጀንበሬ፦ ብለው። አወፍሬላቸዋለሁ። ምን ሆነሃል አንተ ሰው፣ ደጃዝማች ቢተውን እንደ እረኛ የምትጠራቸው?

ፈንቴ፦ ይቅር ይበሉኝ። የማወራው ስለ ሥዕሉ ነው።

ጀንበሬ፦ ዓይናቸው ተፍቆ ቢሆን ኖሮ ውሃ ገባበት እንል ነበር። ግን እየው። ፊታቸው ለሁለት ተከፍሎ የቀረው ግማሽ ቁርጥ በጎን የተሣለ ሰው ሆኗል። አንድ ጉንጭ፣ አንድ ጆሮ፣ አንድ ዓይን። በእኛ ቤተ ክርስቲያን በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን ነው?

ፈንቴ፦ ሰይጣን። ይሁዳ። ሰማዕታትን ያረዱ ወታደሮች።

ጀንበሬ፦ ሌላስ?

ፈንቴ፦ ሌላማ የለም። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያይዎታል፤ ኩነኔ የወረደ በአንድ ዓይኑ። አባቴም እንዲሁ ነው የሣለው፣ የአባቴም አባት።

ጀንበሬ፦ ፊደል ያልቆጠረ ሁሉ ይህን ያውቃል። ዛሬ ጧት ከእስቴ የመጡ አንዲት ባልቴት ለእመቤታችን ሰገዱና ቀና ሲሉ ከእግሯ ሥር የተደፉትን ደጃዝማችን አዩ። አባቴ፣ ይሄ ይሁዳ ነው ወይ አሉኝ። ዝም ስላቸው አዎ ያልኩ መሰላቸውና እንትፍ አሉባቸው።

ፈንቴ፦ ሥዕሉ ላይ?

ጀንበሬ፦ ግንባራቸው ላይ። በኩታዬ ጠረግሁት። ይሁዳን በኩታዬ ስጠርግ ሲያዩ ባልቴቷ ደነገጡ፤ አባቴ ልክፍት አለብዎ እንዴ ብለው የያዙትን ጸበል ሊረጩኝ ነበር።

ፈንቴ፦ እርስዎ ሲያወሩት ያስቃል።

ጀንበሬ፦ ሳቅ። ያ ደጃዝማች ሲያነክሱ አይቶ የገጠመባቸው አዝማሪም ይስቅ ነበር። ገበያ ላይ አይተኸዋል? ማሲንቆውን ይገዘግዛል እንጂ አፉን አይከፍትም። ቢከፍትም ውስጡ ባዶ ነው።

ፈንቴ፦ አይቼዋለሁ።

ጀንበሬ፦ እኔ ምላሴን እፈልገዋለሁ። የምቀድስበት ነው። አንተም ቀኝ እጅህን ትፈልገዋለህ። እንግዲህ ተወውና ምን እናድርግ፣ ንገረኝ።

ፈንቴ፦ መጋረጃ እንጋርድበት።

ጀንበሬ፦ ተሳላሚን አታውቀውም? መጋረጃ ካየ ከኋላው አንድ ታላቅ ነገር አለ ይላል። የዛሬ ሦስት ዓመት የግድግዳውን ስንጥቅ በጨርቅ ብንሸፍነው ጨርቁን ስመው ስመው አልጨረሱትም? ሁለት ሴቶች እንዲያውም ተፈወስን ብለው ስለት አስገቡ። ይገልጡታል። ሕዝቡ ባይገልጠው እሳቸው ራሳቸው ይገልጡታል።

ፈንቴ፦ እንግዲያው እላዩ ላይ ሌላ ጨርቅ ለጥፌ እንደገና ልሣል።

ጀንበሬ፦ ይሻላል። አሁኑኑ ጀምር።

ፈንቴ፦ ሙጫውን ከቆዳ ማፍላት አንድ ቀን ነው። ጨርቁ እስኪይዝ አንድ ቀን። ኖራው እስኪደርቅ ሌላ ቀን። ከዚያ በኋላ ነው ቀለም።

ጀንበሬ፦ ያለን ግማሽ ቀን ነው።

ፈንቴ፦ እኔም ያንን ነው የምልዎ።

ጀንበሬ፦ ሁለቱንም ዓይን በአንዱ ጉንጭ ላይ ብታደርግላቸውስ? አጠጋግተህ።

ፈንቴ፦ አባ፣ ያን ጊዜ ሰይጣን ራሱ አይቶ ይሸሻል።

ጀንበሬ፦ ጭንቅ ብሎኝ ነው እኮ። በሙሉ ብታጠፋቸውስ?

ፈንቴ፦ ነገ መጥተው ከእመቤታችን እግር ሥር ቦታቸውን ባዶ ቢያገኙት? ዘንድሮ አትከርምም የሚል ሟርት አድርገው ነው የሚያዩት። አሁን በአንድ ዓይንም ቢሆን አሉ።

ጀንበሬ፦ ለምን እንዲህ ዝቅ አድርገህ ሣልካቸው? ከላይ ከመላእክቱ ጋር አንድ ጥግ ብትሰጣቸው ኖሮ ማንም በር አይደርስባቸውም ነበር።

ፈንቴ፦ ራሳቸው ናቸው። እኔማ ከወገብ በታች የሰው ፊት አልሥልም፤ ተሳላሚ ስሞ ስሞ ይፍቀዋል። የጊዮርጊስን ፈረስ ኮቴ በየዓመቱ እንደገና የምቀባው ለምን ሆነና? ለዚያ ነው ቅዱሳኑን ሽቅብ ሰቅዬ ከታች ቀሚስና ፈረስ ብቻ የማስቀረው። ለደጃዝማችም ነግሬያቸው ነበር። የለም አሉ፤ ሕዝቡ እመቤታችንን ሲስም እኔንም እንዲስመኝ አፍ የሚደርስበት ላይ አድርገኝ አሉ።

ጀንበሬ፦ አፍ ደረሰባቸው። የባልቴቷ ምራቅም ደረሰ።

ፈንቴ፦ በሩን ያመጡት ደግሞ እርስዎ ነዎት። መቶ ዓመት በአንድ በር የኖረች ቤተ ክርስቲያን ናት።

ጀንበሬ፦ መቶ ዓመት በአንድ በር የኖረችው ወራሪ ተፈርቶ ነው። ያን ጊዜ የሚመጣው ሰው ሃምሳ አይሞላም ነበር። መቋሚያው መፈወሱ ሲወራ ሰው ጎረፈ፤ ሰው ሲጎርፍ ቤቱ ጠበበ። ሽማግሌዎቹ የውጭውን ቅኔ ማሕሌት ያስጨመሩት ለዚያ ነው። የምዕራቡን በር ጉበን ከፍ ያስደረጉት በሽተኛ በቃሬዛ አልገባ ብሎ ነው። አንተስ ያንን የፍርድ ቀን ሥዕል በሩ ፊት ለፊት የሣልከው፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሕዝብ እንዳይንጫጫ ፈርቶ ዝም እንዲል አይደለም?

ፈንቴ፦ ነው። ዝምም ይላሉ።

ጀንበሬ፦ እንግዲህ ይህን ቤት ግንበኛ ብቻ ነው የሠራው? የተሳላሚ እግር ነው የሠራው። ከኢየሩሳሌም የተመለሱት አባ ዘድንግል ምን ብለው እንደነገሩኝ ታስታውሳለህ? እዚያ ከፈረንጅ ተሳላሚዎች ጋር ተዋውቀው እስከ አገራቸው ዘልቀዋል። የሐዋርያው ያዕቆብ መቃብር አለ የሚባልበት ሩቅ አገር። በመንገዱ ሁሉ ያሉት ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት አንድ ዓይነት ናቸው አሉኝ። ድንጋይ በድንጋይ፣ ጣራው እንደ ዋሻ የጎበጠ፣ ግድግዳው ወፍራም። ተሳላሚው በአንድ በኩል ይገባል፤ ከመንበሩ ጀርባ በተሠራለት መተላለፊያ ይዞራል፤ ቅዱሱን አፅም ይሳለማል፤ በሌላ በር ይወጣል። ቀዳሹም አይረበሽም፣ ሰውም ከሰው አይጋጭም።

ፈንቴ፦ ከበሩም በላይ የፍርድ ቀን በድንጋይ ተቀርጾ አለ ብለዋል። ንጉሥና ጳጳስ ሳይቀር በዲያብሎስ ሲጎተቱ። ያን ሲነግሩኝ ሌሊቱን አልተኛሁም፤ በድንጋይ እንዴት እንደሚያለቅሱ ማየት አማረኝ።

ጀንበሬ፦ እኔ ያማረኝ በሩ ነው። ወደ መቋሚያው በምዕራብ ይገባሉ፣ በሰሜን ይወጣሉ። ያን ብቻ ነው ያሰብኩት።

ፈንቴ፦ በጎ አሰቡ።

ጀንበሬ፦ በጎ አስቤ ነበር። አሁን ግን ሌላ አሰብኩ። እንዳትቆጣ።

ፈንቴ፦ ምን?

ጀንበሬ፦ እየው ይሄን። ግንበኛው ላቀው ግድግዳውን ሲፈልጥ ጨርቁን በቢላዋ ቆርጦ ነው ያነሳው። አልጣለውም። ሌላው ግማሽ ፊታቸው ነው፤ ከነዓይኑ።

ፈንቴ፦ ከብብትዎ ነው የሚያወጡት?

ጀንበሬ፦ ሦስት ቀን ይዤው ዞርኩ። ሌላ ቦታ ባስቀምጠው ሰው ያገኘዋል ብዬ ፈራሁ። ስማኝ። ድንጋዩ ከደጅ ተከምሯል። ጭቃውን አሁን ብናስቦካ እስከ ማታ በሩን እንደፍነዋለን። አንተ ይህን ቁራጭ በሰም ታያይዘዋለህ፤ ለነገ ይቆይልን እንጂ ለዘላለም አላልኩህም። ስንጥቁን በቀለም ትሸፍናለህ። ደጃዝማች ይመጣሉ፣ ሁለት ዓይናቸውን ያያሉ፣ ይሄዳሉ። ከንግሥ በኋላ በሩን ወዲያ፣ ከፈረሶቹ በኩል እናስፈልጠዋለን።

ፈንቴ፦ ነገስ ሕዝቡ በየት ይወጣል?

ጀንበሬ፦ እንደ ድሮው። በምዕራቡ።

ፈንቴ፦ ባንድ በር ገብቶ፣ በዚያው ተጋፍቶ።

ጀንበሬ፦ አንድ ቀን ናት፣ አለቃ።

ፈንቴ፦ አምናም አንድ ቀን ነበረች። ሰባት ሬሳ ነው ያወጣነው። ስድስተኛዋ ሚስቴ ዘርፌ ናት።

ጀንበሬ፦ አውቃለሁ። ፍትሐቷን ያደረስኩት እኔ አይደለሁም?

ፈንቴ፦ ጉልበቷ አብጦ ነበር። መቋሚያውን ካሻሸችበት እንደሚሻላት እርግጠኛ ነበረች። ሕዝቡ ሳይበዛ በማለዳ ግቢ ያልኳት እኔ ነኝ፤ ከፊት ሁኚ አልኳት። ከፊት ባትሆን ትተርፍ ነበር። ባሏ ነኝ፣ ይህን ቤት እንደ እጄ አውቀዋለሁ፤ ከበሩ ፊት የቆመ መሄጃ እንደሌለው አላሰብኩም።

ጀንበሬ፦ ጊዜዋ ደርሶ ነው። እግዚአብሔር ሲጠራ ምን ይደረጋል?

ፈንቴ፦ አባ፣ ይህን ለሌላ ሰው ይንገሩ። እግዚአብሔር በሩን አልዘጋውም። ቢተው በጸጥታ ልሳለም አለ፤ አሽከሮቹ በሩን ከውስጥ ዘጉት። ከኋላ ያለው ሕዝብ መዘጋቱን አያውቅም፤ ከበሮ ሲሰማ ይገፋል። ከፊት ያለው ከሳንቃው ጋር ተጣበቀ። ስትወጣ የበሩ ምስማር ራስ ደረቷ ላይ ታትሞ ነበር። ገንዤ የቀበርኳት እኔ ነኝ፣ አይቼዋለሁ።

ጀንበሬ፦ ነፍሷን ይማር። እኔም ለዚያ ብዬ እኮ ነው በሩን ያስፈለጥኩት።

ፈንቴ፦ አሁን ደግሞ ድፈነው ይሉኛል።

ጀንበሬ፦ ፈርቼ ነው። አትፈራም አንተ? እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ላቀውን በር የምትፈልጠው እዚህ ነው ብዬ በጣቴ ያሳየሁት አራት ክንድ ወደ ቀኝ ነበር። ከፈረሶቹ ቂጥ በቀር ምንም ያልተሣለበት ቦታ። ከዚያ ለአባቴ ተዝካር ሁለት ቀን ሄድኩ። ስመለስ በሩ ደጃዝማች ላይ ነው የተፈለጠው።

ፈንቴ፦ ላቀው ተሳስቶ ይሆናል።

ጀንበሬ፦ እኔም እንዲያ ብዬ ልደበድበው ምንም አልቀረኝም። እያለቀሰ ነው የነገረኝ። በነጋታው ሲመጣ ግድግዳው ላይ የከሰል መስመር አገኘ። ቀጥ ያለ፣ በገመድ የተለካ። እኔ ሐሳቤን ለውጬ ያሰመርኩት መስሎት በዚያው ፈለጠ። እኔ ከሰል በእጄ አልነካሁም። እንግዲህ በዚህ አገር ገመድ ለክቶ በከሰል የሚያሰምር ስንት ሰው አለ፣ አለቃ?

ፈንቴ፦ ከመቼ ጀምሮ ያውቃሉ?

ጀንበሬ፦ ከሦስት ቀን ወዲህ። አንተ ደንቢያ ለሥራ ሄደሃል ተብሎ ስጠብቅህ። ዛሬ ስትመጣ ደንግጠህ ይሆን ብዬ ፊትህን አየሁት። ምንም አልደነገጥህም።

ፈንቴ፦ እኔ ነኝ።

ጀንበሬ፦ ኧረ በእመቤታችን። እኔ አይደለሁም በለኝ። ውሸትህንም ቢሆን በለኝ።

ፈንቴ፦ እኔ ነኝ ያሰመርኩት፣ አባ። መስመሩ አፍንጫው ላይ እንዲያርፍ ሦስት ጊዜ ለክቻለሁ። ሁለት ዓይን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ያኔ ጻድቅ መስሎኝ አይደለም፣ ጣራውን ስላሠራ ነው። ዘርፌ ከሞተች ወዲህ ይህን ፊት ሳየው ይስቅብኛል። አምና የከበሮው ድምፅ እንኳ ሳይበርድ እዚህ መጥቶ ቆሞ ነበር። ጢሙን ነው ያየው። ሰባት ሬሳ ደጅ ተዘርግቶ ጢሙን ያያል። እኔ ጦር የለኝ፣ ዘመድ የለኝ። ያለኝ ከሰል ነው። ከእንግዲህ መቋሚያውን ተሳልሞ የሚወጣ ሁሉ በእሱ አጠገብ ይለፍ፣ ማን እንደሆነ ይወቀው ብዬ ነው።

ጀንበሬ፦ ገደልከን። እኔን፣ ራስህን። ላቀውንስ?

ፈንቴ፦ ላቀው ምን አደረገ?

ጀንበሬ፦ መዶሻው የማን ነው የማይሉ ይመስልሃል? ግድግዳውን ማን ፈለጠው ብለው ሲጠይቁ ማንን ነው የሚያመጡት? አራት ልጆች አሉት። ትንሿ ገና ጡት አልጣለችም። አዝማሪው የሰው ግድግዳ አልነካም፤ ግጥም ነው የገጠመ።

ፈንቴ፦ ስለ ላቀው አላሰብኩም።

ጀንበሬ፦ ምን አስበህ ነበር ታዲያ?

ፈንቴ፦ ዘርፌን ብቻ። ቢሄድ ቢሄድ እኔን ቢያርደኝ ነው ብዬ ነበር። ያ ቀላል መስሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። አሁን ግን የላቀው ልጆች ፊቴ ድቅን እያሉ ቀላል አልሆን አለኝ።

ጀንበሬ፦ ፍርሃት ይባላል። እኔ ዓመት ሙሉ አብሬው አድሬአለሁ።

ፈንቴ፦ ነገ እዚህ እቆምና እኔ ነኝ እለዋለሁ። ግንበኛው የታዘዘውን ነው የሠራ እላለሁ።

ጀንበሬ፦ ሰምተው ይተውታል? ለምን አደረግህ ይሉሃል፤ ሚስቴን ስለገደሉብኝ ትላለህ። በሕዝብ ፊት። ከዚያ ወዲያ አንድ ሰው አይበቃቸውም። አለቃ፣ እግርህ ላይ እወድቃለሁ። ሰሙን አቅልጥ። ይህን ቁራጭ እንለጥፈው። በሩን እንድፈነው።

ፈንቴ፦ ተነሡ፣ አባ። ቄስ ለእኔ አይወድቅም። ምን ነካዎት? እንዲህ አይተዎት አላውቅም፤ እኔን አሽከሮቹ ሚስቴን ገደሉብኝ፣ እርስዎን ምን አደረጉዎት?

ጀንበሬ፦ አሽከሮቹ አይደሉም።

ፈንቴ፦ ምን አሉ?

ጀንበሬ፦ በሩን የዘጉት አሽከሮቹ አይደሉም። እኔ ነኝ መወርወሪያውን የጣልኩት።

ፈንቴ፦ አሽከሮቹ አዝዘውዎት?

ጀንበሬ፦ እንኳን ማዘዝ ቃልም አልተነፈሱ። ደጃዝማች መቋሚያው ሥር ተንበረከኩና፣ ሕዝቡ ሲንጫጫ ቀና ብለው አዩኝ። አዩኝ ብቻ። እኔ ራሴ ሮጬ ዘጋሁት። ማንም ሳይለኝ። ያንን አስተያየት ፈርቼ።

ፈንቴ፦ ቀጥል።

ጀንበሬ፦ ሳንቃው መጮህ ጀመረ። መጀመሪያ ማንኳኳት ነበር፤ ከዚያ መቧጨር ሆነ። ጀርባዬን ሰጥቼ ተደገፍኩት፤ ድምፁ ደጃዝማች ጋ እንዳይደርስ። ከወዲያ ማዶ አንዲት ሴት አባ ጀንበሬ እያለች ጠራችኝ። በስሜ። አባ ጀንበሬ፣ ትንሽ ገርበብ ያድርጉልኝ፣ ጉልበቴን ነው አለች። ድምፅዋን አወቅሁት፣ ፈንቴ። ሃያ ዓመት የንስሐ ልጄ ናት፤ እንዴት አላውቀው?

ፈንቴ፦ አወቅኸው።

ጀንበሬ፦ ደጃዝማች አሜን ብለው እስኪነሡ ጠበቅሁ። ሦስቴ አቡነ ዘበሰማያት የሚያስደግም ጊዜ አይሆንም። ሲነሡ ከፈትሁት። እላዬ ላይ ወደቀች።

ፈንቴ፦ ዓመት ሙሉ ቤቴ እየመጣህ ታጽናናኝ ነበር።

ጀንበሬ፦ ልነግርህ እየመጣሁ ነው ሳልነግርህ የምመለሰው። በሩን ያሰብኩት ለዚያ ነው። አባ ዘድንግል ስለ ፈረንጆቹ ሲያወሩ፣ ሌላ መውጫ ቢኖር ኖሮ ሕዝቡ ዞሮ ይፈስ ነበር፣ እኔ ብዘጋም እንኳ ሰው አይሞትም ነበር አልኩ። ለተሳላሚ አልነበረም፣ እግዚአብሔር ይየኝ። ለራሴ ነው። የእኔን ፍርሃት የሚያመልጥበት በር ነው ያስፈለጥኩት።

ፈንቴ፦ አምና ፈርተህ ዘጋህባት።

ጀንበሬ፦ አዎ።

ፈንቴ፦ ዛሬ ደግሞ ፈርተህ፣ ይሄንንም እንድፈነው ትለኛለህ። ለዚያው ሰው። በዚያው አስተያየት። ነገ ከበሩ ፊት የምትቆመው የማን ሚስት ናት?

ጀንበሬ፦ አትበለኝ እንዲህ።

ፈንቴ፦ ጧት ስንት ሰው መጣ?

ጀንበሬ፦ አልቆጠርኩትም። ሜዳው ሞልቷል። ከእስቴ፣ ከፎገራ፣ ከወዲያ ከበለሳ። አንዲቱ መንታ ታቅፋለች።

ፈንቴ፦ እንግዲያው ያ ቁራጭ በእጅህ ነው። ሰሙ ከደብተራው ቤት አለ፤ ድንጋዩ ከደጅ ነው። እኔ አላቀልጥም፣ እኔ አላስቦካም። ላቀውን ጥራና አንተው ድፈነው። ሰው ያውቅበታል አትበል፤ እኔ ትንፍሽ አልልም። ዘርፌ ማንን እየጠራች እንደጮኸች እንኳ ለማንም አልናገርም። አንተ ብቻ ታውቀዋለህ።

ጀንበሬ፦ ዓይናቸው ከእጄ ላይ ሆኖ ያየኛል። እየው።

ፈንቴ፦ የግድግዳውም እኔን ያየኛል። እየው።

ጀንበሬ፦ ደጃዝማች በዚህ ሥዕል ፊት ነገ ሲቆሙ ምን እንላቸዋለን?

ፈንቴ፦ አላውቅም። ካልሸሸሁ አብሬህ እቆማለሁ። ያልሸሸሁ እንደሆነ ነው።

ጀንበሬ፦ ላቀውን ጥራልኝ።

ፈንቴ፦ ልትደፍነው ነው?

ጀንበሬ፦ ጥራልኝ ብዬሃለሁ። ጭቃውን ይተወው። የዚህንም የምዕራቡንም መዝጊያ ከነመወርወሪያው ይንቀልና በታንኳ ጭኖ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ዛሬውኑ ሐይቁን ይሻገር። ነገ እሳቸው ቀና ብለው ያዩኝ እንደሆነ እኔ እዘጋዋለሁ፣ ፈንቴ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። የምዘጋው ነገር አታስቀሩልኝ።